ግማሽ ምት

ስልሳ ሦስት፣ ነሐሴ፤ ፒያሳ፣ ከሰዓት ሠሪው ጀርባ፣
ቆርቆሮው በዝናብ ሲደለቅ፣ ስንወጣ ስንገባ፣
አንድ ማይክ ነበረን፣ ከጣራ የወረደ፣
አንድ ቴፕ፣ አንድ ላቀው፣ ጉሮሮው በአረቄ የነደደ።
እኔ ድራም ላይ ነኝ።
«ዝናቡ ያባራና እንቅዳ» ብዬ
ሳልጨርስ ቀዩ መብራት በራ።

ላቀው ዘፈነ፦
«ስንት ሌት ይነጋል፣ ሰው ፍቅሩን ሸሽጎ፤
መብራቱን አታጥፊው፣ ደጅሽ ነኝ…»
ሦስት ምት ይቀረው ነበር። አንድ ቃል።
አልዘፈነውም። ዋጠው።
ም፣ ም፣ ም አለና አፍንጫው ውስጥ አስቀረው።
እኔም ያን ሰፊ ናስ፣ ሳህኑን፣ ግማሽ ምት ቀድሜ መታሁት፤
ለምን እንደ ቸኮልኩ ያኔም አውቄዋለሁ፣ ዛሬም አልረሳሁት።

ግጥም ቤት ካልመታ ጆሮ አያርፍም፤
ቤቱን የሚመታው ቃል
እቤቴ ነበረ።
ቴሌ ውስጥ ሽቦ ሲሰካ፣ ሰው ከሰው ሲያገናኝ ውሎ
ማታ ጫማውን አውልቆ የሚጠብቀኝ።
ከሎሚ የሚተልቅ የፍሬ ስም ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሸክላው ወጣ። ከጊዮርጊስ እስከ ቸርችል፣ በየሱቁ በራፍ፣
ያቺ እምምታ ተሰጥታ ዋለች፣ እንደ አንሶላ ስትርገፈገፍ።
«ስሜት ነው» አለ ሰዉ። «ቃል ሲያንሰው ነው» አለ።
ላቀው ዝም።
እኔ ዝም።

ዘመኑ ዞረ፤ ሰዓት እላፊ መጣ።
ግጥሙን ኮሚቴ አረመው፤
መብራቱ የትግል መብራት፣ ደጁም የሰፊው ሕዝብ ደጅ ሆነ፣
አርባ ሰው ካኪ ለብሶ፣ ተሰልፎ ዘመረው፤
እዚያች ላይ ሲደርሱ አርባውም ባንድ ላይ፦
ም፣ ም፣ ም።
ኮሚቴው ስንቱን ሲሰርዝ እሷን አልሰረዛት፤
ቃል አልነበረችማ፣ በምን ይክሰሳት?

በካሴት ጊዜ ሴት ዘፈነችው፣ እልፍነሽ፣ የካዛንቺሷ፤
«መብራቱን አታጥፋው» ብላ ገለበጠችው ለራሷ።
ኦርጋኑ ከነከበሮው መጣ፣ ሰው ሳይነካው የሚመታ፣
እኔን «ጋሼ፣ ይረፉ» አሉኝ፣ በጨዋ ሰላምታ።
ማሽኑ ግን፣ ይገርማል፣ እዚያች ላይ ይቸኩላል፤
አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ስህተቴን ለክቶ
በቁልፍ ሳያስተምረው አልቀረም።

ሙሽሮች ኬክ ቆረሱባት።
የሆቴል ሳክስፎን፣ ለሻይ ጠጪ፣ ያለ ግጥም ነፋት፤
ቃል በሌለበት ቃል እንዴት እንደሚዋጥ አላውቅም፣
ግን ዋጣት።
ላቀው በዚያ ክረምት ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆምኩ፣
ጠይቄው እንደማላውቅ አፈሩ ሲወርድ ታወቀኝ።

አምና፣ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ አንድ ጠባብ ክበብ ገብቼ
ድራም የሚመታውን ልጅ፣ ናሁሰናይን፣ ሲያርፍ ጠብቄ አግኝቼ
«እዚያች ላይ ትቀድማለህ» አልኩት።
ሳቀ። «አባባ፣ የጥንቱ ስታይል ነው፤ በሰዓቱ ቢመታ ይሞታል።»
ቢራ ጋበዝኩት። ምን ልበለው?
ቅናት ሲያረጅ ስታይል ይባላል።

ከዚያ ፒያሳ ፈረሰ። ሰዓት ሠሪው ከነሰዓቶቹ፣
ያ ክፍል ከነቆርቆሮው፣ ከነዝናቡ ሄደ።
በታክሲ ሳልፍ፣ ከአዲሱ አጥር ጥግ፣ ረዳቱ ስልኩን ከፈተ፦
ልጆች ቆራርጠዋታል፤
መብራቷ የለ፣ ደጇ የለ፣ ሌቱ የለ፣
ም፣ ም፣ ም ብቻ፣ እስከ ሜክሲኮ፣
ም፣ ም፣ ም፣
«ወራጅ» ማለት ረስቼ አለፍኩ።

ማታ፣ ዕቃ ስታጥብ፣ እሷም ታንጎራጉራታለች፤
ግጥሙን ሁሉ ታውቃለች።
እዚያች ላይ ስትደርስ ግን እንደ ሰዉ ም አትልም፣
ስሟንም አትጠራም፤
ቧንቧውን ትዘጋለች።
ሦስት ምት ያህል ቤቱ ጭር ይላል።
እኔ ማንኪያ ይዤ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ እጠብቃለሁ፤
አምሳ ዓመት ተለማምጄ፣
አሁንም
እቀድማለሁ።